ከገና በኋላ ይነገራት

ታኅሣሥ 30 ቀን 1997፣ ቅዳሜ

ልጄ ዕዝራ ሞቷል አሉኝ።

ይህን ደብተር የገዛልኝ እሱ ነው፣ እንግሊዝኛ ተለማመጂበት ብሎ። በአማርኛ እጽፍበታለሁ። ሌላ የምሠራው አላውቅም። እጄ ሥራ ይፈልጋል።

ጎሕ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዚያ ሰዓት በር የሚያንኳኳ ሰው የለም። ስከፍት የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ለገሰ፣ ቀሲስ ገላው፣ ወንድሜ ክፍሉና ሚስቱ ይርጋለም፣ ከሦስተኛው ፎቅ ጎረቤቴ ባዩሽ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። «እናቴ ናት?» አልኩ። እናቴ ናዝሬት ናት፣ አርጅታለች። 

«እታለም፣ ተቀመጪ» አለኝ ክፍሉ።

ቀሲስ ገላው ናቸው የተናገሩት። ሕንድ አገር በመጣው የባሕር ማዕበል ነው አሉ። እኔ ተከራከርኳቸው። «የለም አባቴ፣ እሱ ከባሕር ሩቅ ነው። ታንጃቩር የሚባል ከተማ፣ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ሊገለብጥ ነው የሄደው። ክፍሉ ነግሮኛል። ጠይቁት» አልኳቸው። ክፍሉ እግሬ ላይ ወደቀ። ያኔ ገባኝ።

ታናሽ እህቱ ሜሮን ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ጥቁር ለብሳለች። አላለቀሰችም።

ጥር 1

ሰው በሰው ላይ። ሶፋው ወጥቶ ፍራሽ ተነጥፏል። ራቅ ካሉት ሰፈሮች፣ ከስካይላይንም ከአስፐን ሂልም መጡ። አልበላሁም። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ቀስ ብለው ያወራሉ።

«ሕንድ ምን ሊሠራ ሄደ? ኮምፒውተር ነው?»

«የለም፣ የድሮ ንጉሥ ሊያጠና።»

«የማንን ንጉሥ?»

«የእነሱኑ። የሕንድ።»

«ውይ! የእኛዎቹ አነሱት?»

ዞሬ ልቆጣቸው ነበር። ግን እኔም ብዬዋለሁ። በዚሁ ቃል።

ጥር 3

ለቀስተኛው ቀለል ብሏል። ባዩሽን ብቻዋን አግኝቼ «መቼ ነው ያወቃችሁት?» አልኳት። ነገረችኝ። እኔ ከመስማቴ በፊት ሁሉም ያውቁ ኖሯል። ማዕበሉ እሑድ መጣ፣ እነሱ ማክሰኞ አወቁ። እኔ የገናን ጾም እስክፈታ ጠበቁ።

አሁን ሁሉ ነገር እየተመለሰ ይመጣብኛል። ያን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቴሌቪዥኑ ማዕበሉን ያሳይ ነበር። ክፍሉ ጋ ደወልኩ። ታንጃቩር ከባሕር ሰዓታት ያስኬዳል፣ ስልኩ የማይነሣው መስመር ተበላሽቶ ነው አለኝ። ያን ጊዜ አልዋሸም፣ እሱም አያውቅም ነበር። ማክሰኞ መጥቶ ግን «ኬብሉ ተበላሽቷል፣ ላሠራልሽ» ብሎ ሳጥኑን ነቅሎ ወሰደ። አመሰገንኩት። ረቡዕ ዕለት ደግሞ «ዕዝራ ኢሜይል ልኳል፣ ደህና ነኝ ይላል» አለኝ። ኢሜይል መክፈት እንደማልችል ያውቃል።

ገና ዕለት ሁሉም ቤቴ ነበሩ። ክፍሉ ጉርሻውን አልዋጥ ሲለው «አንተ ከዳተኛ፣ ይርጋለም አብልታህ ነው የመጣኸው!» ብዬ ሳቅኩበት። ሁሉም ሳቁ። ሲስቁ አየኋቸው እኮ።

ዛሬ ናዝሬት ለእህቴ ደወልኩ። ለእናታችን እንዳትነግሪ አልኳት። ልቧ ደካማ ነው። ከፋሲካ በኋላ ይደረስበታል።

ጥር 6

«ሬሳው መቼ ይገባል?» አልኩ። አቶ ለገሰ ጫማቸውን አዩ።

«ተቀብሯል» አለ ክፍሉ።

«የት?»

«እዚያው። ናጋፓቲናም በምትባል የባሕር ዳር ከተማ።»

«ማን ቀበረው?»



ነገሩ እንዲህ ነው። የተማሪ መታወቂያው ኪሱ ውስጥ ተገኝቶ አንዲት ሐኪም እዚህ ደውላ ነበር። ልጃችሁን አገራችሁ የምታስገቡ ከሆነ ወላጅ ይንገረኝ፣ ሬሳ በሬሳ ላይ ነው፣ ለጥቂት ቀን እንጂ ላቆይላችሁ አልችልም ብላለች። ክፍሉ «ከገና በኋላ ይነገራት» አለ። ደም ግፊት አለባት፣ ጾም ላይ ናት፣ ሽማግሌ ይሰብሰብ አለ። እድሩም ይሁን አለ። ሐኪሟ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ አልቻለችም።

«መርዶ እንደ ሥርዓቱ ነው ያደረግነው፣ እታለም። በድንገት ይነገራል እንዴ?»

«ሥርዓቱን አትንገረኝ። አገር ቤት አንዱ ሲደብቅ ሌላው ሬሳ ያጥባል፣ ሌላው መቃብር ያስቆፍራል። እዚህ ሁላችሁም ደበቃችሁ። ቀባሪው ማን ነበር?»

 ከቤቴ ውጣ አልኩት። ወጣ። ታናሼ ነው፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት።

ልጄን አመጣዋለሁ። ቆፍረው ይስጡኝ። ሌላ አልፈልግም።

ጥር 11፣ ጥምቀት

አልሄድኩም።

ባዩሽ መጋረጃውን ገልጣ «ሰውየው ታክሲው ውስጥ ተቀምጧል» አለችኝ። ክፍሉ ሺፍቱን ሲጨርስ ከወንዙ ማዶ ከአሌክሳንድሪያ ከተማ እየነዳ ይመጣና ታች ፓርኪንጉ ላይ ይቆማል። አይወጣም፣ አይደውልም።

«ይቀመጥ።»

«ብርድ ነው እኮ።»

«ማሞቂያ አለው።»

ዛሬ ሜሮንን ክፉ ተናገርኳት። ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ትመጣለች፣ ሳህን ታጥባለች፣ እንባ የላትም። «አንቺ ልብሽ የፈረንጅ ነው፣ ለወንድምሽ እንኳ አታለቅሺም» አልኳት። «አይ ኖው፣ ማሚ» አለች፣ አውቃለሁ ማለቷ ነው።  ዕዝራ ክፍል ገብታ ተኛች። እዚያ መተኛት ከጀመረች ቆይታለች፣ ከገና በፊት ጀምሮ። ክፍሌ ይበርዳል ብላኝ ነበር።

ጥር 14

በረዶ ጥሏል። በዚህ በረዶ የዕዝራ የዩኒቨርሲቲ መምህርት መጣች። ማላቲ ትባላለች፣ ራሷም የሕንድ አገር ሰው ናት። ጫማዋን በር ላይ ስታወልቅ ወደድኳት። እንግሊዝኛዋን ለእኔ ስትል ቀስ አደረገችው።

«ልጄ ምን ፍለጋ ሞተ? ንገሪኝ» አልኳት።

ነገረችኝ። የቾላ ነገሥታት ይባላሉ። ከዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የሕንድን ደቡብ የገዙ ናቸው። የሴሎንን ደሴት ወግተው ያዙ። ከዚያ ራጄንድራ የተባለው ንጉሥ በባሕሩ ማዶ ወዳሉት አገሮች፣ ዛሬ ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ ወደሚባሉት፣ መርከብ ላከ። ዕዝራ ይህን በስልክ ነግሮኝ ነበር። «እማዬ፣ ንጉሥ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ የመን እንደ ዘመተው ነው፣ ይሄ ግን በጣም ሩቅ ነው» ይለኝ ነበር። አንድ ነገር ደግሞ በጣም ይገርመው ነበር። የዚያ የማዶው ንጉሥ ናጋፓቲናም ላይ ለአገሩ ሰዎች ገዳም ሲያሠራ፣ የራጄንድራ አባት መንደር ሰጥቶ እንግዳ አድርጎት ነበር። ልጁ ነው ኋላ የዘመተበት። «ለምን?» ስለው «ሊቃውንቱ አልተስማሙም፣ የቻይናን ንግድ መንገድ ለመያዝ ነው የሚሉ አሉ» አለኝ። «ለምን ይደክማሉ፣ የሰው ጠባይ ነው» አልኩት። በጣም ሳቀ።

ታንጃቩር ያለው ግድግዳ ንጉሡ በሚናወጠው ባሕር መካከል ብዙ መርከብ ልኮ የያዛቸውን ወደቦች አንድ በአንድ ይቆጥራል አለችኝ ማላቲ። የማረካቸው ዝሆኖች ተጽፈዋል። በዕንቁ ያጌጠ በር ሳይቀር ተጽፏል። የቀዘፉት ሰዎች ግን የሉበትም። ምን ያህል እንደሄዱ፣ ምን ያህል እንደተመለሱ አይናገርም። ዕዝራ የሚፈልገው እነሱን ነበር። በየብስ ላይ ለወደቀ ጀግና ድንጋይ ያቆሙ ነበር፣ ለእኒያ ባሕር ላይ ለቀሩት የቆመ ግን ገና አላገኘሁም ብሎ ጽፎላታል። መርከቦቹ በአንድ ነፋስ ይሄዳሉ፣ ለመመለስ ሌላው ነፋስ እስኪነሣ ወራት ይጠብቃሉ።

«እናቶቻቸውስ እስከ መቼ ይጠብቁ ነበር?» አልኳት።

 «የመመለሻው ነፋስ እስኪያልፍ ይመስለኛል።»

«የሚያረዳቸው ሰው የለም?»

«ስለዚያ የተጻፈ አላውቅም።»

ዕዝራ የግድግዳውን ቅጂ ቅዳሜ ጨርሶ፣ መርከቦቹ የተነሡበትን ዳርቻ በማለዳ ልየው ብሎ አውቶቡስ ተሳፈረ። «ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ» ብላ አለቀሰች። ሻይ አፍልቼ አጽናናኋት።

ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፍ። ናዝሬት ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ጂኦግራፊ ያስተማረን ሚስተር ራጋቫን ሕንዳዊ ነበር። ሰሌዳው ላይ ባሕሩን ይስልና «የእኛ ንጉሥ ከዚህ ተነሥቶ እስከዚህ» እያለ በጠመኔው መንገድ ያሰምር ነበር። ዕዝራ ሕፃን ሆኖ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ይህን ነበር የማወራለት። ተረት ሲያልቅብኝ። በጣቴ ጀርባው ላይ መንገዱን እስልለት ነበር።

ጥር 17

ሥራ ገባሁ። አረጋውያን የማስታምምበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሰባተኛዋ ክፍል ያለችው ባልቴት «ልጅሽ ከሕንድ መጣ?» አለችኝ። ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች። «ደህና ነው» አልኳት። ምን ላስደንግጣት፣ ያረጀች ሴት። አልጋዋን አነጠፍኩ።

ጥር 21

ማላቲ ሐኪሟን በስልክ አገናኘችኝ። የምጠይቀውን ሳሰላስል ሰንብቼ ነበር፣ ድምፅዋን ስሰማ አንዱ ብቻ ቀረኝ። ማተቡ አንገቱ ላይ ነበር ወይ?

«ጥቁር ክር ነበረ» አለች። «የእናት ነገር ነው ብዬ አልበጠስኩትም።»

ከዓሣ አጥማጆች ጋር ነው የተቀበረው። ሴቶችም ሕፃናትም አሉ። ረጅም ጉድጓድ ነው፣ ጊዜ አልነበረም አለች። «ይወጣልኝ» አልኳት። አልተቆጣችም። ማመልከት ይቻላል፣ ግን እሱን ለመለየት ከላይም ከጎንም ያሉትን ማንሣት ግድ ነው፣ የእነሱም ሰዎች በየቀኑ አበባ ይዘው ይመጣሉ አለች። «እርስዎ እናቱ ነዎት። አምጪ ካሉኝ አመለክታለሁ። አስበው ይንገሩኝ።»

ልዘጋ ስል «ልጅቷ ደህና ናት?» አለችኝ።

«የቷ ልጅ?»

«ስልኩን ያነሣችው። በየቀኑ ትደውልልኝ ነበር። ዶክተር፣ አንድ ቀን ብቻ ጨምሪልን፣ እናቴ ገና አልሰማችም ትለኝ ነበር። መጨረሻ ላይ አይሆንም ስላት ስላላለቀሰች ፈራሁላት።»

ጥር 22

ቤተ ክርስቲያን አልሄድንም። ሜሮን ሲሪያል በወተት ትበላለች። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«ስልኩን ያነሣሽው አንቺ ነሽ?»

ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?»

«አጎቴ ኖ አለኝ። መርዶ የልጅ ሥራ አይደለም፣ ሽማግሌዎቹ ይነግሯታል አለ። አይ ሜድ ሂም ፕሮሚስ… እንዳይቆይ ቃል አስገባሁት። ቆየ።» ከዚያ «ማሚ፣ ገና ዕለት ስትስቂ ባዝሩም ገባሁ» አለችና አልጨረሰችውም።

ጥቁሩን ልብስ ቀድማ የለበሰችው ለዚህ ነው። የዕዝራን ክፍል የያዘችው ለዚህ ነው። ያን ሁሉ እያየሁ ብርድ ነው አልኩ። ልብሽ የፈረንጅ ነው ያልኳትን ይቅር በዪኝ አልኳት። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጋ ሲሪያሉ ሾርባ እስኪሆን አለቀሰች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ክፍሉን እንዲህ አድርጌ ጠልቼው አላውቅም።

ጥር 28

የዕዝራ አርባ፣ ለቅዳሜ ተሸጋሽጎ። ጸሎተ ፍትሐት ተደረገ። ቀሲስ ገላው የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። ወልደአምላክ። ስሙ ሲጠራ ሰማሁ፣ ጥሩ ድምፅ አላቸው።

ክፍሉ ጫማ ማውለቂያው ጋ ቆሞ አስቀደሰ። ወደ ውስጥ አልገባም። አላናገርኩትም። ከስቷል።

ሐኪሟ መልስ ትጠብቃለች። ባዩሽ አስወጪው ትላለች። አቶ ለገሰ እድሩ ይረዳሻል ይላሉ። ለዚህ ግን ሳይቆዩ ፈጥነው ተስማሙ።

የካቲት 6

ሥራ አልነበረኝም። ታክሲው ቆሟል። ወረድኩና የኋላውን በር ከፍቼ እንደ ተሳፋሪ ተቀመጥኩ።

ክፍሉ አልዞረም። «ወዴት ልውሰድሽ?»

«ውሃ ወዳለበት።»

አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር አቆመ። ሞተሩን አላጠፋም፣ እንዳይበርደኝ። 

«አባታችን ሲሞት በድንገት ነግረውሽ ወድቀሽ ነበር» አለ። «ሆስፒታል በር ላይ ያደርኩት እኔ ነኝ። ፈራሁ። ዕዝራን አጥቼ አንቺን ልጨምር?»

«ልጄን ልቀብር ነበር።»

«እኔም አንቺን እንዳልቀብር ነበር።»

«ሜሮንንስ? ሕፃን ልጅ ምስጢር አሸክመሃት እሷ ምግብ ታቀርብልኝ ነበር!»

«እሱን አላሰብኩትም» አለ። መሪው ላይ ተደፋ። «እውነቴን ነው እታለም። አንቺን ብቻ ነው ያየሁት። እሷን አላየኋትም።»

 እኔም አላየኋትም።

ፊቱን ጠረገና «እማማንስ ነገርሻት?» አለኝ።

«አርጅታለች። ልቧ… ከፋሲካ በኋላ…»

አላስጨረሰኝም ማለት አልችልም። ራሴ ነኝ ያቆምኩት። በመስታወቱ ሊያየኝ ይችል ነበር። አላየኝም። ወንዙን ያይ ነበር።

የካቲት 13

ናዝሬት ደወልኩ። እህቴ «እረ ቆይ፣ ሰው ልሰብስብ» አለች። «እማማን አቅርቢልኝ» አልኳት። ሜሮን አጠገቤ ነበረች፣ ክፍሉም። ካስወጣሁት ወዲህ ቤቴ የገባው ዛሬ ነው።

«እማማ፣ ዕዝራ ሞተብኝ» አልኳት።

 «አውቄዋለሁ ልጄ» አለች። «ቤቱ የሚገባ ሁሉ ድምፁን ይቀንሳል። ሬዲዮኔን ወሰዱብኝ። አንቺ እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩ ነበር። ማታ ማታ ብቻዬን አለቅስለታለሁ።»

ብቻዋን። የሚያጽናናት እንዳይኖር ያደረግኳት እኔ።

ተላቀስን። ከዚያ «የት ተኛ?» አለችኝ። ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር መሆኑን፣ ላስወጣው ማሰቤን፣ ሌሎቹ መነካታቸው እንደማይቀር ሁሉንም ነገርኳት።

«ብቻውን አይደለማ።»

«አይደለም።»

«እንግዲያ የሰው ልጅ ላይ ምን ያስቆፍርሻል?»

ተቆጥቼባት ስልኩን ለሜሮን ሰጠሁ።

የካቲት 19

ሥራ ቦታ ለባልቴቷ ነገርኳት። እጄን ይዛ «እኔም አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ» አለችኝ። ይህን ያህል ዓመት አልጋዋን ሳነጥፍ አላውቅም ነበር።

የካቲት 22

ለማላቲ ደወልኩ። ለሐኪሟ እንዳታመለክት ንገሪልኝ አልኳት። ይተኛ። ዕዝራ ሊያገኛቸው የሄደው ባሕር የበላቸውን ስም የለሽ ሰዎች ነበር። ከመካከላቸው ነው፣ ከሺህ ዓመት በኋላ ቢሆንም። ይህን ሳስብ አይቀለኝም። ግን ከጎኑ የተኛውን የሌላ ሴት ልጅ በአካፋ አላስነሣም።

ከአጠገቡ ያሉትን ሰዎች ስም ልትነግሪኝ ትችያለሽ ወይ በያት አልኳት። ሐኪሟ ጥቂቱን ላከችልኝ። አብዛኞቹን የሚያውቅ ሰው አልተረፈም።

የካቲት 27፣ ቅበላ

ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። ክፍሉና ይርጋለም እዚህ ናቸው። ክፍሉ የኬብሉን ሳጥን መልሶ ሲገጥም ሜሮን «አሁን ተሠራ?» አለችው። ፊቱ ጠቆረ። እሷ ግን ሽቦውን እያቀበለችው ነበር። ገና ሙሉ በሙሉ ይቅር አላልኩትም። ቀስ እያልኩ ነው። እንደምጽፈው።

ደብተሩን ለሜሮን እተወዋለሁ። አማርኛ ትናገራለች እንጂ ፊደሉን አትችልም፣ አንድ ቀን የሚያነብላት ሰው ትፈልጋለች። እናንተ የምታነቡላት፣ ማንም ሁኑ፣ ስታነቡላት አትዝለሉ። ሐኪሟን በየቀኑ የለመነች እሷ መሆኗን ጮክ ብላችሁ አንብቡላት። የሚከፋትን ቦታ አትደብቁባት።

አንብባችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ልለምናችሁ። ልጄ በክርስትና ስሙ ወልደአምላክ ነው። ነፍሱን በአብርሃም እቅፍ ያሳርፋት ዘንድ አንድ ጊዜ ስሙን ጠርታችሁ ጸልዩለት። አብረውት ለተኙትም ጸልዩ። ስማቸውን ካጣችሁት «ከወልደአምላክ ጋር ያሉት» በሉ። የእነሱም እናቶች የሚያረዳቸው አጥተው ይሆናል።